የሺ ያላቆመችው ማሽን

የሺ ማረፏን በስልክ የነገረችኝ ልጇ ናት። «እትዬ አስናቀች፣ እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለችኝና ለቅሶ አቋረጣት። እኔ ወዲያው አላለቀስኩም። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ የሺ ሳይሆን ስለ በላቸው ነው። ይመጣል አልኩ በልቤ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለቀብር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጬ ያለቀስኩት።

ክፉ ነሽ ብትሉኝ አልከራከርም። ቂመኛ ነኝ። እናቴም ቂመኛ ነበረች፤ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ተጣልታ እስክትሞት ድረስ እሳት ሳይጫጫሩ ቀሩ። የሺ ግን እንደኛ አልነበረችም። በሕይወቷ ቂም የያዘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱን ሳስታውስ ታዲያ እስከ ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር በነበረ አንድ የሱፍ መሸመኛ ቤት ነው። ብርድ ልብስ ነበር የምንሠራው። እኔ ሸማኔ ነበርኩ፤ እሷ የማሽን አስተካካይ። ከአስተካካዮቹ ሁሉ ሴቷ እሷ ብቻ ነበረች። የአንኮበር ልጅ ናት፤ አባቷ የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ። ጆሮዋን ከሳቸው ነው ያገኘችው እል ነበር፤ እሳቸው ተማሪ ዜማ ሲስት ከሩቅ እንደሚለዩት፣ እሷም ከግቢው በር ላይ ሆና የትኛው ማሽን እንደታመመ ትናገራለች። አጭር ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ መፍቻዋን ትሰካበታለች፤ መፍቻውን እንደ ጌጥ ነበር የምትይዘው። ማሽን ከማስነሳቷ በፊት መዳፏን ጎኑ ላይ ታሳርፍና አፏ ውስጥ «በስመ አብ» ትላለች። በዚያ ዘመን ይሄ በአደባባይ የሚባል ነገር አልነበረም። እሷ ግን ለማንም ብላ አልተወችውም።

አንድ ሌላ ጠባይ ነበራት፤ መጀመሪያ ስታደርገው ያበደች መስሎኝ ነበር። ከሰው ጋር ስትጋጭ፣ ነገሩ ሲከር፣ ድንገት ዝም ትልና ትታ ትወጣለች። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞራ ትመለሳለች። ስትመለስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓትም ይሁን አሥር፣ «እንደምን አደርሽ?» ትላለች፤ ቀኑ ገና የጀመረ ይመስል። አንቺም «እግዚአብሔር ይመስገን» ካልሽ አለቀ፤ ጠቡ አልነበረም። ስንት ጊዜ ተቆጥቼ ለመመለስ አፌን ስከፍት በዚያ ሰላምታ ዘግታኛለች።

ለዚህ ጠባይዋ ምክንያቱ ማሽኑ ነው እላለሁ። የምናወራው ሦስት ቁጥር ስለምንለው ማሽን ስለሆነ እሱን ልናገር። ብርድ ልብሱ ላይ ሥዕል የሚያወጣው ካርድ ነው፤ ቀዳዳ የተበሳበት ወፍራም ካርቶን። ካርዶቹ በገመድ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ከማሽኑ አናት ላይ ይንጠለጠላሉ። ቀዳዳ ባለበት ክሩ ይነሳል፣ በሌለበት ይተኛል፤ ወፍ ወፍ የሚሆነው፣ አበባ አበባ የሚሆነው በዚያ ነው። ሦስት ቁጥር ሁለት የካርድ ማንጠልጠያ ነበረው፣ ግራና ቀኝ። በግራ በኩል አሮጌው ካርድ እየሠራ በቀኝ አዲሱን ሰቅለሽ እጀታውን ወደ ቀኝ መሳብ ትችያለሽ። ላየው ሰው ተለውጧል። ማሽኑ ግን አልሰማም። ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ፣ ካርዱ የሚዞርበት ከበሮ ወደ አንድ ቁጥር ተመልሶ፣ እንደገና ካልተነሳ በቀር የሚያነበው አሮጌውን ነው። ክር ሲበጠስ ክሩን የሚያመላልሰውን መወርወሪያ ብቻ ይዘን፣ ቋጥረን እንቀጥል ነበር፤ ያ ማቆም አይባልም። እውነተኛው ማቆም አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል።

«ሰው ሲነግሩት ይሰማል» ትለኝ ነበር የሺ። «ይሄ ቆሞ ካልተነሳ አይሰማም። ሳይቆም አይለወጥም፣ አስኒ።»

ካርዱን የሚበሳው ሙላቱ የሚባል ሰው ነበር። እሱም የአንኮበር ሰው፣ የየሺ የሰፈር ልጅ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ይበሳል፤ የካርዱ ሳጥን ቁልፍ በአንገቱ ነበር። ዝምተኛ ነው። ማሽን ክፍል አይገባም፣ ጩኸቱ ራሱን ያመው ስለነበር። ሚስቱ ሞታበት ልጅ ሳይወልድ ቀርቷል።

በላቸው ደግሞ ካድሬያችን ነበር። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ማሽን አያውቅም፤ ንግግር ያውቃል። ሲናገር እጁን እየወዘወዘ «ምርት» ማለት ይወድ ነበር። እንዲያው ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር፣ ገና ምንም ሳያደርገን።

አንድ ኅዳር ላይ ከሌላ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣና የብርድ ልብሱ ጠርዝ እንዲለወጥ ተባለ። የሺ እንደ ደንቡ አዲሱን ካርድ ሰቀለች፣ እጀታውን ሳበች፣ ዋናውን ማብሪያ አጠፋች። ከበሮውን ወደ አንድ ቁጥር እየመለሰች ሳለ በላቸው ከእንግዶች ጋር ገባ። ማሽኑ ቆሟል።

«ማነው ያቆመው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጓድ። ካርድ ተለውጧል፣ እንደገና መነሳት አለበት» አለች።

«ካርዱ ተሰቅሎ አየዋለሁ እኮ። እጀታውም ዞሯል። ምን ቀረው?»

«ካልቆመ አይሰማም ጓድ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። በላቸው አልሳቀም። ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ በእንግዳ ፊት የማያውቀውን ነገር ጠይቆ ተይዟል። ያን ለሴት ይቅር የሚል ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር። በላቸው መድረክ ላይ ቆሞ የሺን ስሟን ጠርቶ አስነሳት። «ይህች ሴት በሰፊው ሕዝብ ምርት ላይ አሻጥር ፈጽማለች» አለ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር የኖረ ያውቀዋል። በዚያ ቃል ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነበር። የሺ ቆማ፣ መፍቻው ወገቧ ላይ፣ «አሻጥረኛ አይደለሁም» አለች። ማንም አልተናገረላትም። እኔም አልተናገርኩም። ይህን የምናገረው ራሴን ለማስከበር አይደለም።

እስር ቤት አልወሰዷትም። ሱፍ ማጠቢያ ክፍል ተመደበች። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ጠዋት ገንዳው ላይ በረዶ ጋግሮ ይገኛል፤ በረዶውን ሰብሮ እጅን እስከ ክርን መክተት ነው። የሺ ከኅዳር እስከ የካቲት ያን አደረገች። ስትወጣ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል፤ ቁርጥማቱ እስክትሞት አልለቀቃትም። ልጇ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ አሻጥረኛ ማለት ምንድነው?» ብላ ጠየቀቻት። ይህን ስትነግረኝ ነው ቂም እንደያዘች የገባኝ። ግቢውን ዞራ መምጣት፣ «እንደምን አደርሽ» ማለት የለም።

«በዚያው አዳራሽ» አለችኝ፣ «በዚያው ቃል። እሱንም እዚያው አቁመው እንዲህ ይበሉት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መጋቢት ላይ መለሷት፤ ማሽኖቹን የሚያድን ጠፍቶ ነበር። ስትመለስ በማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች፤ የበላቸው ፊርማ ያለበት። ማሽን ያቆመ ሁሉ በአሻጥር ይጠየቃል ይላል። የሺ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ከብዙ ወር በኋላ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ የሺን ለማወቅ ይጠቅማል። በላቸውን በአንድ ቀን ልታጠፋው ትችል ነበር። ካድሬው ሴት ልጁን ክርስትና አስነስቷል፤ በስውር፣ አንኮበር ወርዶ፣ የየሺ አባት በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን። የክርስትና አባቷ ሙላቱ ነው። በላቸውና ሙላቱ አበልጅ ናቸው ማለት ነው፤ ሰው ፊት ጓድ እየተባባሉ፣ ቤት ውስጥ አበልጅ። ሙላቱ ለልጅቷ በየበዓሉ አንዳች ነገር ይዞ ይሄድ ነበር፤ ልጅ ስላልነበረው ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። ይሄን እኔና የሺ እናውቃለን። «እኔ ብሆን ነገ ጠዋት እናገራለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ እናገር ነበር። የሺ ተቆጣችኝ።

«ልጅ ክርስትና ማንሳት ጥፋት ነው እንዴ? በዚያ አልይዘውም። በራሱ ቃል ነው የምይዘው።»

ነሐሴ ላይ ጊዜው መጣ። ለአብዮት በዓል ልዩ ብርድ ልብስ ይሠራ ተባለ፤ መካከሉ ላይ ኮከብ፣ ዙሪያውን የማርሽ ጥርስ። ከአዲስ አበባ ትልቅ ጓድ ይመጣሉ፤ ጥቅሉ በአዳራሹ መድረክ ላይ ተቆርጦ በፊታቸው ይዘረጋል። በላቸው ይህን ራሱ ነው ያሰበው። ሙላቱ ሳምንት ሙሉ ካርድ ሲበሳ ከረመ። አሮጌው ካርድ ቤቱ ከመወረሱ በፊት የነበረው ባለቤት ትቶት የሄደው ነበር፤ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ተያይተው፣ በመካከላቸው አበባ። ወፍራም ወፎች ነበሩ፣ ዶሮ የሚመስሉ።

የሺ በበላቸው ፊት አዲሱን ካርድ በቀኝ በኩል ሰቀለች፣ እጀታውን ሳበች። እኔ ማሽኑ ላይ ነበርኩ፤ መወርወሪያው ጆሮዬ ሥር ይመታል። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ጠየቀችው።

«ጓድ፣ ካርዱ ተለውጧል። ማሽኑ ይቁም?»

በላቸው በጣቱ ወደ ግድግዳው አሳየ። «ማንበብ አትችይም?»

«እችላለሁ ጓድ። ይቁም ወይ ብዬ ነው።»

«አይቁም!»

«እሺ ጓድ» አለች። እጇን ከማብሪያው ላይ አነሳች።

ብርድ ልብስ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ነው የሚሸመነው። እኛ የምናየው ጀርባውን፣ ያልተበጠረ ሱፍ ነው፤ ወፍ ይሁን ኮከብ ላላወቀው አይለይም። እኔ ግን ከክሩ አነሳስ አወቅሁ። ወፍ ነው። በማግሥቱም ወፍ ነው። ሦስት ፈረቃ፣ ያለ እረፍት፣ ወፍ በወፍ ላይ እየተጠቀለለ። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኝ ነበር፤ መብራት። ደብረ ብርሃን መብራት በየሳምንቱ ይጠፋል፤ ከጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ሲመጣ ከበሮው ከአንድ ቁጥር ስለሚጀመር በአዲሱ ካርድ ይነሳል። መብራት እንዳይጠፋ የተሳልኩት ያን ሳምንት ብቻ ነው። አልጠፋም። ሻማውን አስገብቻለሁ።

በበዓሉ ዋዜማ ማሽኑን አቁመን ጥቅሉን አወረድን፤ እንግዳው ስለመጡ እንዲቆም ያዘዘው ራሱ በላቸው ነው። አዳራሹ ሞልቷል። በላቸው አዲስ ልብስ ለብሷል። ረጅም ንግግር አደረገና በመቀስ የጥቅሉን ገመድ ቆረጠ። ሁለት ልጃገረዶች ጫፉን ይዘው ዘረጉት።

ሁለት ወፍራም ወፎች።

ማንም አልሳቀም። ልጃገረዶቹ ይህኛው የተበላሸ መስሏቸው ሁለተኛውን ዘረጉ። ወፎች። ሦስተኛውን። ወፎች። ትልቁ ጓድ መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁና «ጓድ በላቸው» አሉ በቀስታ፣ «እነዚህ ወፎች የየትኛው ዕቅድ ናቸው?»

የሺን በዓይኔ ፈለግኋት። ከኋላ ቆማለች፣ መፍቻው ወገቧ ላይ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በዚያው አዳራሽ ተሰበሰብን። ከላይ የመጣ ሌላ ካድሬ መድረኩ ላይ ቆሞ በላቸውን ስሙን ጠርቶ አስነሳው። «በሰፊው ሕዝብ ምርት ላይ አሻጥር ፈጽሟል» አለ። ቃል በቃል። ከሥልጣኑ አወረዱት፤ ሱፍ ማጠቢያ ክፍል መደቡት። ኅዳር ደረሰ፣ ውርጩ ወረደ፣ በላቸው ጠዋት ጠዋት በዚያ በተተኮሰ ሱሪው ገንዳ ላይ አጎነበሰ። እሰይ ነው ያልኩት። ጠዋት ስገባ በዚያ በር በኩል ዞሬ ነበር የምገባው፣ እሱን ለማየት ብዬ። የእጁን አገኘ።

የሺ አንድ ቀን እንኳ ዞራ አላየችውም። «ተባለ» አለች፣ «አለቀ።»

አላለቀም ግን። ለበዓል ያቆምነውን ማሽን በበዓሉ ማግሥት ከአንድ ቁጥር ስናስነሳው፣ ሦስት ቁጥር ካርዱን ማንም ሳይነካው ኮከብ መሸመን ጀመረ። ያማረ ኮከብ፣ ጥርሱ አንድ ሳይጎድል። ቆሞ ተነስቷልና ሰማ። በላቸው ይህን ሲያይ ያበደ መሰለ። ካርዱ ትክክል ነው፣ ማሽኑ ትክክል ነው፤ ታዲያ ወፎቹ ከየት መጡ? አሰበ፣ አሰበና አንድ መልስ አገኘ። አንድ ሰው አዲሱን ካርድ አውርዶ አሮጌውን ሰቅሏል፤ በበዓሉ ዕለት ደግሞ መልሶ አዲሱን ሰቅሏል። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ማነው? ሙላቱ። የልጁን ምስጢር የያዘው ማነው? ሙላቱ። አበልጄ ሸጠኝ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙላቱን አላናገረውም። ልጅቷን ከደጁ አራቃት። ሙላቱ ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዞ ደጁ ሄደ፤ በላቸው ሽማግሌዎቹን አስገብቶ ሙላቱን በር ላይ አስቀረው። ጥፋቱንም አልነገረውም፤ ያውቀዋል ነበር የሚለው። ሙላቱ ለልጅቷ የገዛውን የበዓል ቀሚስ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ አግኝቼዋለሁ። «ምን በድዬው ይሆን፣ አስናቀች?» አለኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

መጀመሪያ ያልተናገርነው ፈርተን ነው። ብንናገር አሻጥረኞቹ እኛ ነን፤ እሷም እኔም እንጠፋ ነበር። ይሄ እውነት ነው። ደርግ ሲወድቅስ? ያኔ ምን ከለከለን? ምንም። በላቸው በሐሰት ቂም ሲቃጠል ማየት ጥሞኝ ነበር። የሺን «እንንገረው» ባለች ቁጥር «ትንሽ ይቆይ» እያልኩ ያስተውኳት እኔ ነኝ። እንዲህ እያልን ሙላቱ ታመመና ሞተ። አንኮበር ወስደን ቀበርነው። በላቸው ለቀብሩ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ነው የሺ የተለወጠችው። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ገበያ አብረን ስንሄድ በላቸውን ፊት ለፊት አገኘነው፤ ሸብቷል፣ ከዘራ ይዟል። ጊዜው ከሰዓት ነው። የሺ ቆመች። «እንደምን አደሩ፣ አቶ በላቸው?» አለችው። እሱ ግራ ተጋብቶ ባርኔጣውን አነሳ። «ያን ሰላምታ ለሱ?» አልኳት በኋላ። «ደክሞኛል፣ አስኒ» አለች። እኔ አልደከመኝም ነበር። ግቢ ዞሮ መምጣት፣ እንደ አዲስ መጀመር ለሷ እንጂ ለእኔ አልተሰጠኝም።

ስትታመም ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እኔም አንኮበር ወርጄ አብሬያት ሰነበትኩ። ጣቶቿ እንደ ሥር ተጠማዝዘው አልጋው ላይ ተዘርግተዋል። አንድ ጠዋት ልጇን አስወጥታ እጄን ያዘችኝ።

«እኔ ስሞት ይመጣል» አለች። «ያ ነገር ዛሬም ያንገበግበዋል፤ ይጠይቅሻል። እኔ ልነግረው ብዬ ፊቱን ሳይ ሙላቱ ይመጣብኛል፤ አልቻልኩም። አንቺ ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

«ነግረሽው ግን አትተዪው። ይዘሽው ሂጂና ሙላቱ ያለበትን አሳዪው። ሄዶ ይቅር በለኝ ይበለው። ሁለቱንም ነው የምልሽ። አደራ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ» አልኳት። እጇንም ሳምኩ።

የቀብሩ ዕለት አንኮበር ጉም ወርዶባት ነበር። ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በተጣለው ድንኳን ተቀምጠን ንፍሮ ታደለ። ሰው ሲሳሳ በላቸው መጣ። ከዘራውን አስደግፎ አጠገቤ ተቀመጠ። መንገዱን በአውቶቡስ ነው የመጣው፣ በዚያ ዕድሜው።

«አስናቀች፣ እግዜር ያጽናሽ» አለ። «ጥሩ ሴት ነበረች።»

«ያጽናዎ» አልኩት።

ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ ዘወር አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከእንግዲህ ማንም አይጎዳም። ያን ካርድ የለወጠው ሙላቱ ነው አይደል? ከእናንተ ጋር ሆኖ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠበቅሁት። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግኩም።

«ካርዱን ማንም አልለወጠውም፣ አቶ በላቸው። ካርዱ ከመጀመሪያው ትክክል ነበር። ማሽኑ ካልቆመ አዲሱን አይሰማም። የሺ በሰው ፊት ‹ይቁም ወይ?› ብላ ጠየቀችዎ። አይቁም አሉ። ወፎቹን የሸመኑት እርስዎ ነዎት።»

አየኝ። ንፍሮው ከእጁ አንድ አንድ እያለ ወደ ጭኑ ወረደ። «አይቁም» አለ ለራሱ። ያን ቀን ሲያስታውሰው ፊቱ ላይ አየሁት።

«ሙላቱ ምንም አያውቅም ነበር?»

«ማሽን ክፍል ገብቶ አያውቅም። ራሱን ያመው ነበር።»

«ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላከብኝ» አለ። «በር ላይ አቆምኩት።» ቀጥሎም፣ «እሱ በሕይወት እያለ ታውቁ ነበር? አንቺና የሺ?»

«እናውቅ ነበር።»

እንባው በጉንጩ ወረደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት ላይ እንባ ሲወርድ ያሳዝናል ይላሉ፤ እኔ ደስ አለኝ። አልዋሽም። ከዘራውን ጨብጦ ተነሳ።

«እዚህ ነው አይደል የተቀበረው? የቱ ጋ ነው?»

አደራው ሁለት ነበር። አንዱን ፈጽሜአለሁ። ከመቀመጫዬ ብነሳ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም፤ ከወይራው ሥር ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እደርሳለሁ። የየሺ እጅ ታየኝ፤ አልጋ ላይ ሆና እጄን የያዘችበት ሳይሆን በረዶ ሰብሮ የሚገባው። ቀሚሱን በወረቀት ጠቅልሎ የሚመለሰው ሙላቱም ታየኝ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው» አልኩት። «ስሙን እያነበቡ ይፈልጉት።»

አመስግኖኝ ሄደ። የሙላቱ መቃብር ላይ ስም የለም። ድንጋይ የሚያስቀርጽለት ልጅ አልነበረውም፤ እኔና የሺ ያኖርነው አንድ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። በላቸው ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው እያጎነበሰ፣ ፊቱን ወደ ጽሑፉ አስጠግቶ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ያነባል። ወይራው ሥር ደርሶ አለፈው። ጉሙ እየወፈረ ሄደ።

የየሺ ልጅ ሰሃን ልትሰበስብ መጣችና ወደዚያ ተመለከተች። «እትዬ፣ እኒያ ሽማግሌ ምን ጠፍቶባቸው ነው? ልሂድና ልርዳቸው?»

«ተዪያቸው» አልኳት። «ይፈልጉ።»